ስለ አሮጌ መኪና የሙቀት ሴንሰር ምርመራና ለውጥ፤ በተለይም በጉለሌና እርሱን በመሰለ ደጋ አገር

በኢትዮጵያ ምድር ኦቶሞቢል መጀመሪያ የታየው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ወዲህ ብዙ ዘመን እስኪያልፍ ድረስ ሞተሩ መቀዝቀዙንና መጋሉን የሚያውቀው ነጂው ራሱ ነበር። ጧት ሞተሩን ሲያስነሣ ወደ ካርቡራቶር የሚገባውን አየር ጠበብ አድርጎ ቤንዚኑን ያበዛለታል፤ ሞተሩ ሲሞቅም አየሩን መልሶ ይከፍትለታል። በኋላ ዘመን በተሠሩት መኪናዎች ግን ይህን ሥራ የሚሠራው በመኪናው ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩም የሚያውቀው መካኒኮች ሴንሰር የሚሏቸው ጥቃቅን ጠቋሚ መሣሪያዎች የሚነግሩትን ብቻ ነው። ጠቋሚው የሐሰት ወሬ ቢያቀብለው በሐሰቱ ወሬ ላይ ፍርድ ይሰጣል፤ ነዳጁም በከንቱ ይፈስሳል።

ይህ ነገር ለጋራዥ ሠራተኛ ብቻ የሚተው ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን የጥገናውን ወጪ የሚፈቅዱት፣ የነዳጁን ሒሳብ የሚፈርሙት፣ መኪናው በቆመ ጊዜም ስለ ሥራው መጓደል የሚጠየቁት የዞንና የወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ናቸው። ከቢሾፍቱ የሚመጣው የእንስሳት ክትባት አብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ተጠብቆ መድረስ ይገባዋል። የያዘው መኪና በመንገድ ቢቆም በረዶው ይቀልጣል፤ ክትባቱ ይበላሻል፤ ቀን ተቀጥሮላቸው ከብታቸውን ይዘው የወጡ ገበሬዎችም እንዲሁ ይመለሳሉ። አሮጌውን መኪና ጥሎ አዲስ መግዛትም ከቀድሞው ይልቅ የከበደ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን ቀረጥ እጅግ ከፍ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ በየግቢው ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ማገልገሉ የማይቀር ነው።

ገንዘብ ከሚባክንባቸው ነገሮች አንዱ ሳይመረምሩ ዕቃ መለወጥ ነው። መኪናው ጥቁር ጭስ አወጣ፣ ወይም ጧት አልነሣ አለ ሲባል አንዱ ሴንሰር ተገዝቶ ይገባል፤ አልዳነም፤ ሌላ ይገዛል፤ አሁንም አልዳነም። በመጨረሻ በሽታው የተበጠሰ ሽቦ ሆኖ ይገኛል። የሴንሰር ዋጋው ብቻውን ባይከብድም ሦስትና አራት ጊዜ ሲደጋገም፣ የመካኒኩ ዋጋና የነጂው ውሎ አበል ሲጨመርበት፣ መኪናው የቆመበትም ቀን ሲቆጠር ከባድ ሒሳብ ይሆናል።

ስለዚህ ጉዳይ ለመናገር ከጉለሌ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ጉለሌ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለ ክፍለ ከተማ ነው። ከጎጃም የሚመጣው መኪና በሱሉልታ በኩል ወርዶ አዲሱ ገበያ ሲደርስ ከተማ መግባቱ ነው፤ የሚመለሰውም ከዚያው ተነሥቶ በጫንጮ፣ በፍቼና በጎሐ ጽዮን አድርጎ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ይወጣል። የጉለሌ ሰፈሮች እንደ ሽሮ ሜዳና እንደ አዲሱ ገበያ ያሉት ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ የእንጦጦ ራስ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ግን የተጻፈው በጃፓን ወይም በአውሮጳ፣ ከባሕር ብዙ በማይርቅ ዝቅተኛ አገር ነው። በመጽሐፉ ያለው ቍጥር ሁሉ በጉለሌ እንዳለ ቢወሰድ ደኅናውን መሣሪያ በሽተኛ ነው ያሰኛል። ይህ ጽሑፍ በተለይ ሊያስረዳ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

አስቀድሞ ግን ነገሩ የሚመለከተው የትኛውን መኪና እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። በብዙ መሥሪያ ቤት የሚታየው ነጩ ላንድ ክሩዘር፣ ሞተሩ 1 ኤች ዜድ የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ከሆነ፣ ናፍጣውን የሚለካው በብረት የተሠራ ፖምፓ ነው እንጂ ኮምፒውተር አይደለም። በእንዲህ ያለ መኪና ሒሳብ ላይ «የነዳጅ መለኪያ ሴንሰር ተለወጠ» የሚል ጽሑፍ ቢቀርብ ኃላፊው ከመፈረማቸው በፊት ደግመው ቢጠይቁ ይገባቸዋል። ኮምፒውተር ያላቸው ከ1980ዎቹ ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ የቤንዚን መኪናዎችና ኋላ የመጡት ባለ ኮምፒውተር የናፍጣ ፒክ አፖች ናቸው። ከዚህ በታች የሚነገረው በአዲስ አበባ መንገድ በብዛት በሚታየው በአሮጌው ቶዮታ ኮሮላ ምሳሌነት ነው፤ የምርመራው መንገድ ግን ለሌላውም ያገለግላል።

በኮሮላው ሞተር ላይ ካሉት ሴንሰሮች ሁሉ በትንሽነቱ የሚናቅ፣ በጥፋቱ ግን የሚያስቸግር የማቀዝቀዣውን ውኃ ሙቀት የሚለካው ነው። መልኩ የአውራ ጣት ጫፍ ያህል ሆኖ አካሉ ነሐስ ነው፤ አንድ ጫፉ ውኃው ውስጥ ይገባል፤ በሌላው ጫፍ ሁለት ሽቦ ያለው ሶኬት ይሰካበታል። በውስጡ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ የሚከለክል፣ ሲሞቅ የሚያሳልፍ ፍሬ አለ። እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ነገር መኖሩን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1833 ያስተዋለው እንግሊዛዊው ሊቅ ሚካኤል ፋራዴይ ነው። ብረት ሁሉ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መንገዱ ሲጠብ፣ እርሱ የመረመረው የብርና የዲን ውሕድ ግን በተቃራኒው መንገዱ ሰፋ። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይልክና ምን ያህሉ እንደ ተከለከለ አይቶ የውኃውን ሙቀት ያውቃል።

በቶዮታ መኪና ይህ የመከልከል ኀይል በኦም ሲለካ በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ2,000 እስከ 3,000፣ በ40 ዲግሪ ከ900 እስከ 1,300፣ በ60 ዲግሪ ከ400 እስከ 700፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ነው። በዜሮ ዲግሪ ብርድ ደግሞ ከ4,000 እስከ 7,000 ይደርሳል። ይህን ቍጥር ነጂው በወረቀት ጽፎ በመኪናው ኪስ ቢያኖረው ከብዙ ክርክር ያድነዋል።

መሣሪያው የሚበላሽበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው ፈጽሞ መሞት ነው፤ ይኸውም ሽቦው ሲበጠስ ወይም ሁለቱ ሽቦዎች ሲነካኩ ነው። ይህን ኮምፒውተሩ ራሱ ያውቀዋል፤ በነጂው ፊት የሞተር ሥዕል ያለባትን መብራት ያበራና ከዚያ ወዲያ ውኃው 80 ዲግሪ ነው ብሎ በግምት ይሠራል። መኪናው ይሄዳል፤ ዳሩ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ የእንጦጦ ብርድ በወረደበት ጧት ሞተሩን ማስነሣት ጭንቅ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሞቋል ብሎ ስላሰበ ቤንዚኑን አያበዛለትምና። ሁለተኛው ሞተሩ ሲሞቅ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ መዋሸት ነው። በዚህ ጊዜ ቤንዚን ያለ ልክ ይገባል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ማርሚታው ያልተቃጠለ ቤንዚን ይሸታል። ሦስተኛው ቀዝቃዛውን ሞቃት ማለት ነው፤ ጧት አልነሣ ይላል፤ ተነሥቶም ይንቀጠቀጣል፤ ከሞቀ በኋላ ግን ጤነኛ ይመስላል።

ከሦስቱ ክፉው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ መብራቱ አይበራም። መሣሪያው ፈጽሞ ካልሞተ፣ የሚናገረውም ቍጥር ሊሆን ከሚችለው ወሰን ካልወጣ፣ ኮምፒውተሩ ያምነዋል። እንዲህ ያለውን ጥፋት መጀመሪያ የሚያገኘው መካኒኩ ሳይሆን የነዳጅ መዝገብ የሚይዘው ጸሐፊ ነው። አንድ መኪና በአንድ መንገድ ላይ ባለፈው ወር ከፈጀው ይልቅ በዚህ ወር አብዝቶ ከፈጀ፣ ነጂው ቤንዚን ሸጠ ብሎ ከመክሰስ በፊት ካንዴላውን አስፈትቶ ማየት ነው። ካንዴላው እንደ ምጣድ ጥላሸት ጠቁሮ ከተገኘ ነጂው ያለ ጥፋቱ ተጠርጥሮ ነበር ማለት ነው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ለነጂው የሙቀቱን መርፌ የሚያንቀሳቅሰው ሌላ፣ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ሌላ ነው። የመርፌው ጠቋሚ አንድ ሽቦ ብቻ ሲኖረው የኮምፒውተሩ ሁለት ሽቦ አለው፤ ሁለቱም በአንድ አካባቢ ተቀራርበው ይገኛሉ። ስለዚህ መርፌው ልክ መሆኑ የኮምፒውተሩ ሴንሰር ደኅና ለመሆኑ ምስክር አይሆንም። አንዱ ታሞ ሌላው ተለወጠ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ምርመራው ከየት ይጀመር ቢባል፣ ኮምፒውተሩ ራሱ የመዘገበውን ከመጠየቅ ነው። በአሮጌው ኮሮላ ከኮፈኑ ሥር ክዳን ያላት ትንሽ ሳጥን አለች፤ የየቀዳዳው ስም በክዳኗ ውስጠኛ ገጽ ተጽፏል። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ፣ ቲ ኢ 1 እና ኢ 1 የተባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ሲገናኙ መብራቷ ብልጭ ብልጭ እያለች ቍጥር ትናገራለች። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ ጥቂት አርፋ ዳግመኛ ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለች 22 ማለት ነው፤ ይህም የውኃ ሙቀት ሴንሰር ነው። 24 የሚገባው አየር ሙቀት፣ 31 የአየር ግፊት፣ 41 የነዳጅ መርገጫው ጠቋሚ ነው። ሳታቋርጥ በእኩል ብልጭ ብልጭ ካለች የተመዘገበ ጥፋት የለም። ቀዳዳ ተሳስቶ ሌላ ማገናኘት ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል ይህን የማያውቅ ሰው እንዳይነካው ያስፈልጋል። ኋላ የተሠሩት መኪናዎች ከመሪው ሥር 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት አላቸው፤ እነርሱም በስካነር ይነበባሉ። ፒ 0117 ሙቀቱ ሊሆን ከማይችል በላይ መነገሩን፣ ፒ 0118 ደግሞ ሊሆን ከማይችል በታች መነገሩን ያመለክታል።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ይሳሳታል። ቍጥሩ «ሴንሰሩን ለውጥ» አይልም። የሚለው በዚያ መንገድ የመጣው ወሬ አልታመነም ብቻ ነው፤ ጥፋቱ በወሬ ነጋሪው ወይም በመንገዱ ላይ ሊሆን ይችላል። መንገዱ የተባለው ሽቦውና ሶኬቱ ነው። በእህልና በምርጥ ዘር መጋዘን አጠገብ የሚያድር መኪና አይጥ ኮፈኑ ውስጥ ገብታ ሽቦ ትቆርጥበታለች፤ ይህ ከከተማ መኪና ይልቅ በግብርና መሥሪያ ቤት መኪና የሚደርስ ነው። በላቫጆ ሞተሩ ላይ በኀይል የተረጨ ውኃም ሶኬቱ ውስጥ ገብቶ ይቀርና ውሎ አድሮ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሶኬቱ ተነቅሎ በብርሃን ይታይ፤ ዝገት ካለበት ይጸዳ፤ ሽቦውም እስከሚደርስበት ድረስ በእጅ ይዳሰስ።

ቀጥሎ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ በሁለቱ የሶኬት ቀዳዳዎች መካከል በቴስተር ሲለካ 5 ቮልት ገደማ መገኘት አለበት። ከሌለ የተበላሸው ሽቦው ወይም ኮምፒውተሩ ነውና አዲስ ሴንሰር ቢገዛ ምንም አይረባም። ስካነር ባለበት ጋራዥ ከዚህ የሚበልጥ ፈተና አለ። ሶኬቱ እንደ ተነቀለ ስካነሩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ማለት አለበት፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች በሽቦ ሲገናኙ ደግሞ ወደ 140 ዲግሪ መዝለል አለበት። ሁለቱንም ካለ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ጤነኞች ናቸው፤ ጥፋቱ በሴንሰሩ ላይ ጸና ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ሲሆን የሚቀረው ሳይሠራ ነው።

ሴንሰሩ ፈጽሞ ሳይሞት የሚዋሽ እንደ ሆነስ? ለዚህ ከመጽሐፍ ቍጥር ይልቅ መኪናውን ከራሱ ጋራ ማመሳከር የታመነ ነው። በኮሮላው የሚገባውን አየር ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ከውኃው ሴንሰር ጋራ አንድ ዓይነት ፍሬ አለው። መኪናው ሌሊቱን በሙሉ ቆሞ ካደረ ውኃውም አየሩም ብረቱም አንድ ዓይነት ቅዝቃዜ ይሆናሉ። እንግዲህ ጎሕ ሲቀድ፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ የሁለቱም ሶኬት ተነቅሎ በቴስተር ቢለኩ ቍጥራቸው መቀራረብ ይገባዋል። አንዱ 3,500 ኦም ሲል ሌላው 6,000 ቢል ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል። የትኛው እንደ ሆነም የጧቱን ብርድ በተራ ቴርሞሜትር ለክቶ ማወቅ ይቻላል። ይህ ፈተና ከፍታ አያሳስተውም፤ በዳሎልም በእንጦጦም እኩል ያገለግላል። ብቻ መኪናው ማታ ዘግይቶ የገባ ከሆነ ሞተሩ እስከ ጧት ሙቀት ይዞ ሊያድር ስለሚችል ሌላ ቀን መጠበቅ ይሻላል።

መካኒኮች የለመዱት ግን የፈላ ውኃ ፈተና ነው። ሴንሰሩ ተፈትቶ በፈላ ውኃ ይነከርና በቴስተር ይለካል። ፈተናው መልካም ነው፤ ስሕተቱ የፈላ ውኃ ሁሉ 100 ዲግሪ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠረፍ ነው። ወደ ላይ በተወጣ መጠን አየሩ ይሳሳል፤ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ውኃውም ሳይግል ይፈላል። በጉለሌ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ፣ በእንጦጦ ራስ በ90 ገደማ፣ በዓባይ ድልድይ ግን በ97 ገደማ ነው። ይህን ነገር ባልትና የምታውቅ እመቤት ሁሉ ምክንያቱን ሳትጠይቅ ታውቀዋለች፤ በደጋ ባቄላና ሽንብራ ለመብሰል የሚፈጅባቸው ጊዜ ከቆላው ይበልጣልና። ሴንሰሩ በ92 ዲግሪ የሚያሳየው ኦም በ100 ዲግሪ ከሚያሳየው አንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል። መካኒኩ መጽሐፉን ይዞ በ100 ዲግሪ የሚገባውን ቍጥር ሲጠብቅ ከፍ ያለ ቍጥር ቢያገኝ ደኅናውን ሴንሰር ጥሎ አዲስ ያስገዛል፤ አዲሱም በዚያው ውኃ ቢነከር ያንኑ ቍጥር ያሳያል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ውኃው ውስጥ ቴርሞሜትር ይግባ፤ ይህ ካልተገኘም ውኃው 92 ዲግሪ ነው ተብሎ ይቆጠር። በጀበና ወይም በድስት ሲለካ የሴንሰሩ ጫፍ የዕቃውን ወለል እንዳይነካ መጠንቀቅ ነው፤ የዕቃው ወለል ከውኃው ይልቅ ይግላልና።

በዚሁ ከፍታ የተነሣ ከሙቀት ሴንሰሩ ይልቅ ያለ ጥፋቱ የሚወቀስ ሌላ መሣሪያ አለ፤ እርሱም የአየር ግፊት ሴንሰር ነው። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲከፈት ይህ መሣሪያ በዙሪያው ያለውን የአየር ግፊት ያነባል። መጽሐፉ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይላል፤ በጉለሌ ግን 75 ገደማ ነው የሚነበበው፤ ትክክለኛውም ይኸው ነው። ሴንሰሩን ከመኰነን በፊት በዚያው ግቢ የቆመ ሌላ ደኅና መኪና በስካነር ቢነበብ እውነቱ ወዲያው ይገለጣል። ግፊቱ ሲያንስ ሞተሩ የሚስበው አየር በሩብ ያህል ስለሚቀንስ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ተርቦ የሌለው መኪና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ መድከሙ የተፈጥሮ ነገር ነው እንጂ የሴንሰር በሽታ አይደለም። በዚህ ብቻ ጋራዥ የሚገባ መኪና ሳይታመም መድኃኒት እንደሚጠጣ ሰው ነው።

ጥፋቱ በሴንሰሩ ላይ መሆኑ ከተረጋገጠ ግዢው ይፈቀዳል። የመኪና መለዋወጫ በብዛት የሚሸጠው በመርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። ወደዚያ የሚላከው ሰው አሮጌውን ሴንሰር ይዞ ይሂድ፤ የሞተሩንም ስም ጽፎ ይያዝ፤ ሁለት ሴንሰሮች በመልክ አንድ ሆነው በጥርሳቸው ወይም በኦማቸው ሊለያዩ ይችላሉና። ከመኪና ላይ የተፈታ አሮጌ ዕቃ፣ አስመስሎ የተሠራና የፋብሪካው የራሱ ዕቃ በአንድ መደርደሪያ ሊገኙ ይችላሉ። ቴስተር ይዞ የሄደ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት በሱቁ ውስጥ ይለካዋል፤ በእጁ ጨብጦ ሲያሞቀው ቍጥሩ ሳያቋርጥ ዝቅ ማለት አለበት። ቍጥሩ ቆሞ ከቀረ ወይም ከዘለለ አይገዛም። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሲሆን አሮጌውም ለንብረት ክፍል ተመላሽ ይሁን። ይህ ሥርዓት ለቍጥጥር ብቻ አይደለም፤ ተለወጠ የተባለው በእውነት መለወጡን የሚያሳይ እርሱ ነው፤ ያለ ምክንያት የተለወጠ ከሆነም ደኅናው ዕቃ ለሌላ መኪና ይተርፋል።

መለወጡ ራሱ አጭር ሥራ ነው። ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ትኩስ ራዲያተር መክፈት በየትም አገር አደገኛ ነው፤ በደጋ ደግሞ ይልቁንም ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ክዳኑ አፍኖ የያዘው ውኃ ክዳኑ ሲከፈት በ92 ዲግሪም ቢሆን በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ፊት ያቃጥላልና። የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ፤ ከራዲያተሩ ጥቂት ውኃ በንጹሕ ዕቃ ይቀዳ፤ ሶኬቱ መያዣው ተጭኖ ይነቀል እንጂ በሽቦው አይጎተት። ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ በ19 ቁልፍ ይፈታል። አዲሱ ከነማጠቢያው በእጅ ተጀምሮ ከገባ በኋላ በመጠኑ ይጠበቅ፤ በቶዮታ መጽሐፍ ልኩ 20 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ቴስታታውም አሉሚኒየም ነው፤ በጉልበት የሚያጠብቅ ሰው ጥርሱን አበላሽቶ የትንሹን ዕቃ ጥገና ወደ ትልቅ ወጪ ያዞረዋል።

አሮጌው ሴንሰር ሲወጣ ጫፉ ይታይ። ነጭ ቅርፊት ወይም ቀይ ዝገት ለብሶ ከተገኘ የሞተበት ምክንያት ተገለጠ፤ በራዲያተሩ ከወንዝ ወይም ከጕድጓድ የተቀዳ ውኃ ብቻ ሲጨመርበት ኖሯል ማለት ነው። ቅርፊቱ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ከፍሬው ስለሚከለክለው ሴንሰሩ ዘግይቶና አሳንሶ ይናገራል። ራዲያተሩ ታጥቦ የዝገት መከላከያ ያለው ፈሳሽ ካልገባበት አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ውኃው ተሞልቶ ሞተሩ ክዳኑ እንደ ተከፈተ ይነሣ፤ አረፋው እስኪያቆም ድረስም ይጠበቅ። በሴንሰሩ ጫፍ የአየር ኪስ ከቀረ ሴንሰሩ የሚለካው ውኃውን ሳይሆን እንፋሎቱን ነው፤ በዚህ ምክንያት አዲስ ሴንሰር በገባ ማግሥት ተበላሸ ተብሎ ሊመለስ ይችላል። በኮምፒውተሩ የተመዘገበው የቀድሞ ጥፋትም በስካነር ወይም ለኮምፒውተሩ የሚሄደውን ፊውዝ ለጥቂት ጊዜ በማውጣት ይሰረዝ። ካልተሰረዘ ትናንት የታየው 22 ቍጥር ዛሬም ይታይና ሁሉን ያሳስታል።

የተጠገነው መኪና በጉለሌ ግቢ ውስጥ ሲሽከረከር ጤነኛ መምሰሉ በቂ ፈተና አይሆንም። ወደ ጎጃም የሚመለስ መኪና ሱሉልታን ካለፈ በኋላ በጎሐ ጽዮን ከ2,500 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በዓባይ ድልድይ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ወዲያውም እስከ ደጀን ያንኑ ያህል ይወጣል። የውጭው ሙቀት፣ የአየሩ ግፊትና የሞተሩ ድካም በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚለዋወጡበት እንዲህ ያለ መንገድ ብዙ አይገኝም። ነጂው በጎሐ ጽዮን፣ በድልድዩና በደጀን መርፌው ያለበትን፣ መብራቷም በርታ እንደ ሆነ በመንገድ ደብተሩ ይጻፍ። ደጀን ሲደርስም አንድ ካንዴላ ፈትቶ ይይ፤ ጫፉ ደረቅና ቡና መልክ ከሆነ ነዳጁ በልኩ እየገባ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሁለት ሙሉ የነዳጅ ሳልባታዮ እስኪያልቅ ድረስ የፈጀውን ሊትርና የሄደውን ኪሎ ሜትር ጎን ለጎን መዝግቦ፣ ከጥገናው በፊት ከነበረው መዝገብ ጋራ ለኃላፊው ማቅረብ ነው።